አሥራ አንድ ደቂቃ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ፣
መስታወት ያልገባለት መስኮት፣ በላስቲክ የሚሞቅ፤
ከጉዲሳ ሱቅ በፍላሽ፣ ክፍሉ በአምስት ብር ተጭና
አሥራ ሁለት ምዕራፍ ሄደች ያቺ መርከብ፤ አልደረሰችም ገና።

የምዕራፉን ማለቂያ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።
መጀመሪያ ጸጥታ።
ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ይቀየራል፤
አንድ የታመነ ሰው ፊቱን ያዞራል፤
በሩ ይከፈታል፣ ነጭ ብርሃን ይገባል፤
ካፒቴኑ ቀና ብሎ «አንተ ነህ?» ይላል፤
ማን እንደሆነ ሳናይ
ጥቁር።
ይቀጥላል።

በሦስተኛው ሞተ። አለቀስን። ፈይሴ ሥራ ቀረች።
በአራተኛው መክፈቻ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣
ቁጭ ብሎ ሻይ ሲያማስል አየች።
ከዚያ ወዲህ ለማንም ቶሎ አታለቅስም፤
«እስከሚቀጥለው ይቆይልኝ» ትላለች፣ «ያልተቀበረ አልሞተም።»

በሰባተኛው ምድር ራሷ ጠፋች፣ ከኪስ እንደወደቀች ሳንቲም፤
በስምንተኛው ተገኘች፤ ማን እንዳነሳት አልነገሩንም።
በዘጠነኛው ተዋናዩ በክፍያ ተጣላ መሰለኝ፣
ሌላ ፊት አመጡና «ያው እሱ ነው» ሲሉኝ
ሁለት ክፍል ተኮራረፍን፣ በሦስተኛው ለመድኩት፤
አዲሱን የወረዳ ሊቀመንበርም እንዲሁ ነው የተቀበልኩት።

ጋሽ በዳሳ ለዚህ ሁሉ ግድ የለውም።
የብሎኩ ዘበኛ ነው። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ
ከጄሪካኖቹ መሃል ይቀመጣል፣ ካፖርቱን ሳይገፍ፣ በርጩማ ስቦ።
ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ አያነብም።
«ደረሰች?» ይላል።
«አልደረሰችም።»
«እንግዲያው ነገ እመጣለሁ።»
አንዴ፣ ይሄ ብሎክ ሳይቆም እዚህ ምን ነበር ብለው
«ጤፍ» አለኝ።
የማን እንደነበር ልጠይቅ ስል
ክፍሉ ጀመረ።

አሥራ ሁለተኛው የመጨረሻው ነው ተባለ፤ እውነተኛው።
ጉዲሳ ሱቁን ዘግቶ መጣ፣ ፈይሴ በኪሷ ቆሎ ይዛ፤
መብራት አለ፣ ትራንስፎርመሩም ዝም ብሏል፣ እንደ ፈዘዘ ኮርማ ደንዝዞ።
ሞተሩ ተቀየረ።
የታመነው ፊቱን አዞረ።
አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ በሩ ገርበብ ሲል፣
ከግድግዳው ውስጥ ቧንቧው አጓራ።

«ውሃ! ውሃ መጣ!» ከምድር ቤት እስከ ጣራ።

በአሥራ ሰባት ቀኑ! ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል!
ጠፈሩ ይቆይ፤ በርሜሉ ይሙላ።
ባልዲ፣ ድስት፣ ፔርሙስ፣ የሕፃን መታጠቢያ፣
ደረጃው ላይ እርጥብ እግር፣ ስድብ፣ ሳቅ፣ ግፊያ፤
ስመለስ ስሞች ይወጡ ነበር፣ ነጭ በጥቁር፣ ከታች ወደ ላይ፤
ጋሽ በዳሳ ብቻውን አለ፣ እስኪያልቁ ድረስ የሚያይ።

«እንዴት አለቀ?»
«ቆመች።»
«ከዚያስ?»
«ሰውዬው ወረደ። አጎነበሰ።
አፈሩን ዘገነ። በመዳፉ ፈተገው፣ አሸተተው።
ይሄ ነው፣ አለ።»
«በሩ ላይ የነበረውስ ማን ነው?»
«ማንም። ነፋስ ነው።»

ጉዲሳ ሳቀ። «ተው ጋሼ፣ እንዲህ አድርገው አይጨርሱትም!
ለሌላ ዓመት የሚሆን ክር ሳይተዉ አይሄዱም።»
ሽማግሌው ዱላውን አነሳ።
«ደህና እደሩ» አለን፤ የማንንም መልስ አልጠበቀም።

ፍላሹ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤
አሥራ አንዱ ደቂቃ እዚያው አለ፣ ሳይነካ።
አንዳንዴ፣ ቧንቧው ዝም ባለበት ሌሊት፣
አሁንስ ልየው ብዬ እነሳለሁ፤
እሰካዋለሁ፣ ትንሿ ሰማያዊ መብራት ትበራለች፤
ከታች ግን፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የዱላው ኮቴ ይሰማል፤
ከጥግ እስከ ጥግ፣ እርምጃውን እየቆጠረ፣
ብሎኩን ይዞራል፣
ማሳ እንደሚለካ ሰው።
እነቅለዋለሁ።